ጠላ
ጠላ በገብስ ወይም በሌላ እህል፣ በብቅልና በጌሾ የሚጠመቅ የቤት መጠጥ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ስለሚፈላ በቅዝቃዜ ከሚፈላው የፋብሪካ ላገር ቢራ ይልቅ ኤል ለሚባለው የቢራ ዓይነት ይቀርባል። ዓይነቶቹን በእህላቸው መለየት የተለመደ ቢሆንም ልዩነቱ ይበልጥ የሚገባው ከአቀዳዱ ነው፤ ከአንድ ጋን ሳይጠራ የሚቀዳው ጉሽ፣ የጠራው ዋናው ጠላ፣ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ደግሞ ቅራሪ ይባላል። እንግሊዞችም ከአንድ ብቅል ጠንካራና ቀላል ቢራ እንዲሁ ያወጡ ነበር። ጥቁርና ነጭ ጠላ መኖሩ እህሉን ያስቀድማል የሚል ይኖራል፤ ቀለሙን ግን በአብዛኛው የሚወስነው የአሻሮው (የተቆላው እህል) እና የእንኩሮው (በምጣድ የሚታመሰው የዱቄት ሊጥ) አቆላል ነው። ፊልተር የሚባለው ጠንካራ ጠላም ቢሆን የሚጠነክረው ውሃው ስለሚያንስ ነው።

ከአቀዳዱ ሌላ ጠላው የሚጠመቅበት ዕቃም ጣዕሙን ይለውጣል፤ በሸክላ ሠሪ ሴቶቿ የምትታወቀው የአዲስ አበባዋ ቀጨኔ እዚህ ላይ ትገባለች። በወይራ የታጠነ ጋን ጭሱን በሸክላው ይዞ ለጠላው ያካፍላል፤ የፕላስቲክ በርሜል (ቀላልና የማይሰበር ቢሆንም) ይህን አያደርግም።