በግማሽ በመቶ የተፈታ ጥምር መንግሥት

የጀርመን ዴሞክራሲ ውድቀት በክፍል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ1933 እ.ኤ.አ. ተነሥቶ ይተረካል። የነገሩን ሥር ለማስተማር ለሚሻ መምህር ግን ከ1928ቱ የምክር ቤት ምርጫ መነሣት ይበጃል።

በዚያ ምርጫ ሶሻል ዴሞክራቶች ከ491 መቀመጫዎች 153ቱን በመያዝ አንደኛ ሲወጡ፣ ናዚዎች ያገኙት 12 ብቻ ነበር። ለብቻው መንግሥት ለማቆም የሚበቃ ፓርቲ ስላልነበረ ሄርማን ሙለር መራሔ መንግሥት ሆነው አምስት ፓርቲዎችን ያቀፈ ጥምር መንግሥት መሠረቱ። በዚህ ጥምረት በአንድ ወገን የሠራተኛው፣ በሌላ ወገን የኢንዱስትሪ ባለቤቶች ወገንተኞች ተቀመጡ። ሁለቱን ለማቀራረብ ይጥሩ የነበሩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጉስታቭ ሽትሬዘማን በኦክቶበር 1929 ሞቱ፤ ወዲያውም የኢኮኖሚው ቀውስ ሥራ አጡን አበዛው።

የመጨረሻው ክርክር የሥራ አጦች መድን መዋጮ ከ3.5 ወደ 4 በመቶ ይደግ አይደግ የሚል ነበር። የቀረበውን ማስታረቂያ የሶሻል ዴሞክራት እንደራሴዎች ስላልተቀበሉት መንግሥቱ በማርች 27 ቀን 1930 ሥልጣኑን ለቀቀ። ተከታዩ መራሔ መንግሥት ሃይንሪኽ ብሩኒንግ በፕሬዚዳንቱ የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ወደ መግዛት አዘነበሉ። በሴፕቴምበር 1930 ምርጫም ናዚዎች 107 መቀመጫ ያዙ።

እርግጥ ግማሽ በመቶው ብቻውን ዴሞክራሲን አልጣለም፤ በፕሬዚዳንቱ ዙሪያ የነበሩ ሰዎችም ከምክር ቤት ድጋፍ ነጻ የሆነ መንግሥት አስቀድመው ይሹ ነበር። ስለዚህ ተማሪው ዓመተ ምሕረት ከመሸምደድ አልፎ፣ «ማን ምን ቢተው፣ ምን ይተርፍ ነበር?» ብሎ እንዲመረምር ማድረግ ይገባናል። ጥምር መንግሥት የሚጸናው ተጣማሪዎቹ ከሚያጡት ይልቅ በጋራ የሚጠብቁትን አስበልጠው ሲያዩ ነውና።