የጣና ዓሦችና የመረብ ዘመን

በጾም ወራት በስድስት ኪሎ ካሉት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ የዓሣ ጉላሽ ወይም የዓሣ ለብለብ የሚያዝ ሰው ዓሣው ከየትኛው ሐይቅ እንደ መጣ ይጠይቅ ይሆናል፤ ምን ዓይነት ዓሣ እንደ ሆነ ግን እምብዛም አይጠይቅም። ለተመጋቢው ዓሣ ሁሉ ዓሣ ነው። ይህ በተመጋቢ ላይ ነውር ሆኖ አይቈጠርም። ነገር ግን መረብ የሚጥለውም፣ ፈቃድ የሚሰጠውም፣ ደንብ የሚያረቅቀውም እንደ ተመጋቢው ካሰቡ ምን እንደሚከተል የጣና ሐይቅ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። ይህን ታሪክ ከሥሩ ለመከታተል የሚሻ ሰው ከስድስት ኪሎ ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመውና በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ስለ አገራችን የተጻፉትን የተጓዦችና የሊቃውንት ሥራዎች ሰብስቦ ይዟል።

ሐይቁና ነዋሪዎቹ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር እምብዛም የማያልፍ ሐይቅ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ያለ ዓሣ ይህን ገደል ሊወጣ ስለማይችል የጣና ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዘመዶቻቸው ተነጥለው ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው ኖረዋል።

ከእነዚህም መካከል በተለይ የሚደነቁት የአካባቢው ሰው በጥቅሉ «ነጭ ዓሣ» የሚላቸው፣ በሳይንስ ስማቸው ላቤዮባርበስ የሚባሉት ናቸው። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ ከእነርሱ አንዱ የውሃ ተክልን፣ ሌላው ነፍሳትን፣ ሌላው ቀንድ አውጣን ይመገባል፤ ስምንቱ ደግሞ ሌሎች ዓሦችን አድነው ይበላሉ። የሚገኙበት ቤተ ሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ስለሆነ፣ ከዚህ ወገን ይህን ያህል አዳኝ ዝርያ በአንድ ሐይቅ መብቀሉ በዓለም ላይ አቻ የተገኘለት አይደለም።

የስም ታሪክ

ስለ እነዚህ ዓሦች በሳይንስ መጽሐፍ የጻፈው የመጀመሪያው ሰው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ጐብኝቶ ከጣና የሰበሰባቸውን ዓሦች በመልካቸው ለይቶ ለየራሳቸው ስም ሰጣቸው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ የለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ሊቅ ቡላንዤ በርካታ ስሞችን ጨመረ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የጣልያን ዘመን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቅጥር ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወርውሮ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያ ሁሉ እልቂት ደረሰ። በዚያው በአውሮፓውያን 1937 ዓመት የጣልያን አካዳሚ በጂዮቶ ዳይኔሊ የሚመራ የጥናት ቡድን ወደ ጣና ላከ። ወራሪው አገሩን የራሱ ለማድረግ ሀብቱን መቍጠር ነበረበት። የቡድኑን የዓሣ ጥናት ቢኒ እ.ኤ.አ. በ1940 ሲያሳትም የዝርያና የንዑስ ዝርያ ስም ይበልጥ በዛ፤ አንደኛውም ከጎርጎራ ስሙን ያገኘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ይህን ሁሉ ስም መርምሮ፣ በመልክ መካከል ጥርት ያለ ወሰን የለም በማለት የጣናን ትላልቅ ባርበሶች ወደ አንድ ዝርያ ጠቀለላቸው። በዚህም አኳኋን ከመቶ ዓመት በላይ የተከማቸው ልዩነት በወረቀት ላይ ጠፋ። ዓሣ አጥማጁም በየመልካቸው የሚያውቃቸው ዓሦች በመጻሕፍቱ ዘንድ አንድ ዓሣ ሆኑ።

ከታንኳ ወደ ሞተር ጀልባ

በጣና ዳርቻ ዓሣ ማጥመድ ጥንታዊ ሙያ ነው። የወይጦ ማኅበረሰብና ሌሎችም የባሕር ዳር ነዋሪዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ እየቀዘፉ በአጭር መረብ፣ በመንጠቆና በወጥመድ ያጠምዱ ነበር። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድና ቀዛፊውም ስለሚደክም ከዳርቻ ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ከሐይቁ የሚበዛው ክፍል ሳይነካ ይቀራል። ይህ ማለት ግን የቀድሞው ዘዴ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በወንዝ ውሃ ሲበተን ዓሣውን ያደነዝዛል፤ ይህም በመራቢያ ወንዞች ሲደረግ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ይፈጃል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ከሆላንድ በተገኘ እርዳታ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገባ። ዓላማው የአጥማጁን ገቢ ማሳደግና ለከተማው ምግብ ማቅረብ ስለነበረ ሐሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም። መረቡ በውሃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ዓሣው ራሱን በዓይኑ ሲያሾልክ ክሩ ስንጥቡ ላይ ይይዘዋል። የመረቡ ዓይን ስፋት የሚያዘውን መጠን ስለሚወስን፣ ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ጫጩቱን ያሳልፋል። በዚህ ረገድ ሲታይ መረቡ ከብርብራ የተሻለ ነው። ችግሩ የተነሣው ከመረቡ ዓይን ሳይሆን መረቡ ከተጣለበት ቦታና ወራት ነው።

እንዴት ቢባል፣ በሐይቁ ውስጥ ተበትነው ከሚኖሩት ነጭ ዓሦች ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች የሚራቡት በወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በሌሎች ገባር ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ በነሐሴና በመስከረም ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በወንዙ አፍ የተዘረጋ መረብ በአንድ ሌሊት የሚይዘው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የሚይዘው ገና ያልወለዱትን እናቶች ነው። በነሐሴ የፍልሰታ ጾም የሚውል በመሆኑ፣ ዓሣን በጾም በሚመገቡ ዘንድ ገበያው የሚደራው ዓሣው ለመራባት በሚሰበሰብበት ወራት ነው።

ቈሮሶን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ቈሮሶ ወደ ወንዝ ሳይሄድ በሐይቁ ዳርቻ ይራባል፤ እናቲቱም ዕንቁላሉንና ጫጩቱን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ቶሎ አድጎ ቶሎ ስለሚራባ መረብን በተሻለ ይቋቋማል። ነጭ ዓሣ ግን ለመውለድ ዓመታት የሚጠብቅ፣ በዓመት አንድ ወራትና አንድ ቦታ ላይ የተመሠረተ ፍጥረት ነው።

ቍጥሩ የተናገረው

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከሆላንዱ የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ናኸልከርከና ሲቢንግ፣ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር፣ የዓሦቹን መልክ፣ ምግብና መኖሪያ በጥንቃቄ መዝነው የባኒስተር አንድ ዝርያ በእርግጥ ብዙ ዝርያዎች እንደ ሆነ አስረዱ። ይሁንና ስሞቹ ሲመለሱ ዓሦቹ እየጐደሉ ነበር። ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ በባሕር ዳር አካባቢ በተደረገ ክትትል፣ በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች በክብደት ሲመዘኑ ከአራት ሦስት እጅ ያህል ቀንሰው ተገኙ። ጫጩቶቹ ደግሞ ከዚህም በባሰ መጠን አነሱ። ሐይቁን ሳይለቁ የሚራቡት ግን ይህን ያህል አልተጐዱም።

ባለሙያው ሊያስተውለው የሚገባው ይህን የጫጩት ጕድለት ነው። ዓሣ ሳያድግ ቢያዝ የሚጠፋው ሥጋው ነው፤ ወላጁ ሳይወልድ ቢያዝ ግን ትውልዱ ይቋረጣል። የመጀመሪያው ኪሳራ በጥቂት ዓመታት ሊጠገን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ከታየ ጊዜው አልፏል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ይህ ቀደም ብሎ ደርሷል። መረብ እ.ኤ.አ. በ1905 ወደዚያ ገባ፤ በክረምት ወንዝ ሽቅብ የሚወጣው «ኒንጉ» የተባለ ዓሣ በወንዞች አፍ እየተያዘ በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ዐቢይ የነበረው ምርቱ ወደቀ። የኒንጉ ታሪክ ተጽፎ ሳለ በጣና ተደገመ።

የሚቀረው ሥራ

በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 ወጥቷል። ከአዋጁ በኋላ ግን ርካሽና ቀጭን የላስቲክ ክር መረብ ተሠራጭቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እንቦጭ ዳርቻውን ወርሯል፤ በርብ ወንዝ ላይም ግድብ ተሠርቷል። ስለዚህ መረብ ብቻውን ተከሳሽ ሊሆን አይችልም። ሆኖም ከነዚህ ሁሉ በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ወጪ ሊታረም የሚችለው መረብ የሚጣልበት ቦታና ወራት ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹ አፍ ቢከበር አጥማጁ ቈሮሶውንና አምባዛውን ከሌላው የሐይቁ ክፍል ከማጥመድ አይከለከልም፤ ለእነዚያ ወራት የሚጐድልበት ገቢ ካለም ሸክሙ በእርሱ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም።

ለዚህም መጀመሪያ የሚያስፈልገው የቍጥር አያያዛችንን ማረም ነው። «ይህን ያህል ቶን ዓሣ ተመረተ» የሚል መዝገብ ከአሥራ አምስቱ ዝርያዎች የትኛው እየጠፋ እንደ ሆነ አይነግረንም፤ ቈሮሶ ሲጨምር የነጭ ዓሣን መጥፋት ሊሸፍንም ይችላል። ሩፔል በእጅ ለይቶ ስም የሰጣቸውን ዓሦች ዛሬም በየወደቡ ለይቶ የሚመዘግብ ሠልጣኝ ከሌለ፣ ስማቸው በስድስት ኪሎ መጻሕፍት ቤት ብቻ ይቀራል። ይህ እንዳይሆን ማድረግ የሙያችን ግዴታ ነው።