ስም የተሸፈነበት ብርጭቆ

ሰኞ ግንቦት 16 ቀን 1968 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 24 ቀን 1976) ከሰዓት በኋላ፣ በፓሪስ ከተማ በኢንተርኮንቲኔንታል ሆቴል፣ ዘጠኝ ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ ጎን ተደርድረው ተቀመጡ። ዘጠኙም ፈረንሳውያን ነበሩ። ከመካከላቸው የታላላቅ ምግብ ቤቶች ባለቤቶች፣ የታወቁ የወይን እርሻዎች ጌቶች፣ የወይን ጠጆችን ስምና የትውልድ ስፍራ የሚጠብቀው የመንግሥት ተቋም ዋና ተቆጣጣሪ፣ እንዲሁም በአገሩ የተከበረው የወይን ጠጅ መጽሔት አዘጋጅ ይገኙበታል። ከፊታቸው የተቀዳው ወይን ጠጅ ግን ከየት አገር እንደ መጣ፣ ማን እንደ ጠመቀው፣ ፍሬው በየትኛው ዓመት እንደ ተለቀመ የሚናገር ምንም ምልክት አልነበረውም። ለዳኞቹ የቀረላቸው ዐይናቸው፣ አፍንጫቸውና ምላሳቸው ብቻ ነው።

ቅምሻውን ያዘጋጀው ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ነበር። በፓሪስ በማድሌን አደባባይ አጠገብ የወይን ጠጅ መደብር ነበረው፤ ከመደብሩም ጋር ስለ ወይን ጠጅ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። እንግሊዛዊ ሆኖ በፓሪስ ከተማ ለፈረንሳውያን ወይን ጠጅ መሸጥ፣ ከዚያም አልፎ ስለ ወይን ጠጅ ማስተማር፣ በራሱ ቀላል ድፍረት አይደለም። የሥራ ባልደረባው ፓትሪሺያ ጋላገር አሜሪካዊት ናት። የአሜሪካ ነጻነት 200ኛ ዓመት በሚከበርበት በዚያ ዓመት የካሊፎርኒያ ወይን ጠጆችን ለፓሪስ ሰዎች ማስቀመስ ጥሩ እንደሚሆን ሐሳብ ያቀረበችው እርሷ ነበረች። ስፐሪየር ወደ ካሊፎርኒያ ተጉዞ የሚቀርቡትን መረጠ። ፈረንሳይን ለማሸነፍ ግን አላሰበም። ይሆናል ብሎ የገመተው፣ ዳኞቹ የአዲሶቹን ጥራት አይተው እንዲደነቁና የፈረንሳዮቹ ደግሞ እንደ ተለመደው ከፊት እንዲቀመጡ ነበር።

ይህ ግምት ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። በቦርዶ አውራጃ የታላላቆቹ እርሻዎች ደረጃ በ1855 እ.ኤ.አ. ተጽፎ የተወሰነ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገው ዋነኛ ለውጥ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ወደ አንደኛው ማዕርግ መውጣቱ ብቻ ነበር። አንድ ደረጃ ለመውጣት ከመቶ ዓመት በላይ የሚያስጠብቅ ሥርዓት ምን ያህል የጸና እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የካሊፎርኒያ ታሪክ ግን የተቆራረጠ ነው። በዚያም በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ጥሩ ጠማቂዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ከ1920 እስከ 1933 በአሜሪካ የአልኮል መጠጥ በሕግ በመከልከሉ ብዙ የመጥመቂያ ቤቶች ተዘጉ፤ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ ሳይተላለፍ ቀረ። ክልከላው ከተነሣ በኋላም ለብዙ ጊዜ ገበያውን የያዘው ርካሹና ጣፋጩ ዓይነት ነበር። በናፓ ሸለቆ የጥራት ሥራ እንደገና የተስፋፋው በ1960ዎቹ ነው። ስለዚህ በ1976 አንድ የፓሪስ ቀማሽ ስለ ካሊፎርኒያ የሚያውቀው ጥቂት፣ የሚገምተው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ቢሆን አያስገርምም።

የቀረቡት ሃያ ናቸው፤ አሥር ነጭ፣ አሥር ቀይ። ነጮቹ ሻርዶኔ ከሚባለው የወይን ዝርያ የተጠመቁ ሲሆኑ ስድስቱ ከካሊፎርኒያ፣ አራቱ ከቡርጎኝ ነበሩ። ከቀዮቹም እንዲሁ ስድስቱ የካሊፎርኒያ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ አራቱ የቦርዶ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ከሃያ ነጥብ ይሰጣል። መመዘኛውም አራት ነው፤ የዐይን፣ የአፍንጫ፣ የአፍ፣ በመጨረሻም የሦስቱ አንድነትና መስማማት።

ቅምሻ ከመጠጣት እጅግ የተለየ ሥራ ነው። ቀማሹ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ቀለሙን ያያል፤ አወዛውዞ መዓዛውን ያስነሣል፤ ያሸታል። ከዚያ ጥቂት ጎንጭቶ በአፉ ውስጥ ያንከባልለዋል፤ ዐየር ወደ ውስጥ እየሳበም እንፋሎቱን በጉሮሮው በኩል ወደ አፍንጫው ይሰድዳል። ምላስ ብቻውን የሚለየው ጥቂት ነገር ነውና፤ ጣፋጩን፣ ኮምጣጣውን፣ ጨዋማውን፣ መራራውን፣ የሥጋ መረቅ የመሰለውንም ጣዕም ይለያል፤ ቀሪውን ሁሉ የሚናገረው አፍንጫ ነው። ቀዩ ወይን ጠጅ እንደ ወፍራም ሻይ ድድና ላንቃ የሚያደርቅ ጠባይ አለው፤ ይህም ይመዘናል። ከዚያ በኋላ ይተፋል። ሃያውን ሁሉ የዋጠ ዳኛ ከአሥረኛው ብርጭቆ በኋላ የሚሰጠውን ፍርድ ማን ይሰማዋል?

ነጮቹ ሲቀመሱ ዳኞቹ እንደ ልማዳቸው ዝም አላሉም፤ እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ የየትኛው አገር እንደ ሆነ ይገምቱ ነበር። በስፍራው የተገኘው ብቸኛ ጋዜጠኛ የታይም መጽሔቱ ጆርጅ ቴበር ነው። ለእርሱ የአቀራረቡ ተራ ዝርዝር ተሰጥቶት ስለ ነበር፣ ዳኞቹ የማያዩትን እርሱ እያየ ይከታተል ነበር። የታዋቂው ምግብ ቤት ባለቤት ሬሞን ኦሊቪዬ አንዱን ቀምሶ አሁን ወደ ፈረንሳይ ተመለስን በማለት ደስታውን ሲገልጥ፣ በብርጭቆው የነበረው የናፓ ሸለቆ ወይን ጠጅ ነበር። ሌላው ዳኛ ደግሞ መዓዛ የለውምና ይህ በእርግጥ የካሊፎርኒያ ነው ብሎ ያጣጣለው፣ ከቡርጎኝ ታላላቅ እርሻዎች አንዱ የሆነው ባታር-ሞንራሼ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሰዎች ላይ መሳቅ ፍትሕ አይሆንም። ስሙን ሳያዩ ለመፍረድ ሲጠየቁ አንዳቸውም እንቢ አላሉም፤ ለፈተና ያቀረቡት ደግሞ የኖሩበትን ሙያና ክብራቸውን ነበር።

ነጥቡ ሲደመር ከነጮቹ አንደኛ የወጣው በ132 ነጥብ የካሊፎርኒያው የ1973 ሻቶ ሞንተሌና ሆነ። የቡርጎኙ ሜርሶ ሻርም በ126.5 ሁለተኛ ሲሆን፣ ሦስተኛውና አራተኛውም ከካሊፎርኒያ ነበሩ። ስፐሪየር ይህን ውጤት ቀዮቹ ከመቀመሳቸው በፊት አነበበው። ይህ የአዘጋጁ ስሕተት ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዳኞቹ ብርጭቆውን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውንም መጠበቅ ነበረባቸውና። ንግግሩ ቀነሰ፤ ጥንቃቄው በረታ። ሆኖም ከቀዮቹ አንደኛ የሆነው የ1973ቱ የካሊፎርኒያ ስታግስ ሊፕ ነበር፤ 127.5 ነጥብ አገኘ። የ1970ው ሙቶን ሮትሺልድ በ126 ተከተለ። ሞንሮዝና ኦ-ብሪዮንም ከዚያ በታች ተሰለፉ። የስታግስ ሊፕ ወይን ከተተከለ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ በቦርዶ ሚዛን ይህ የሕፃን ዕድሜ ነው።

የመጽሔት አዘጋጇ ኦዴት ካን ነጥብ የሰጠችበት ወረቀት እንዲመለስላት ጠየቀች። ስፐሪየር አልመልስም አላት። ዳኞቹም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከወገኖቻቸው ወቀሳ ጠበቃቸው። የቴበር ጽሑፍ በታይም መጽሔት በጁን 7 ቀን 1976 እትም ሲወጣ አጭር ነበረች፤ ርእሷ ግን «የፓሪስ ፍርድ» የሚል ነበር። ርእሱ በግሪኮች አፈ ታሪክ ፓሪስ የተባለው የትሮይ ልዑል ከሦስት አማልክት ውቢቱን ለመምረጥ የፈረደውን ፍርድ ያስታውሳል፤ ያ ፍርድ ደግሞ ጦርነት ያስከተለ ነው። የፈረንሳይ ታላላቅ ጋዜጦች ስለ ነገሩ የጻፉት ከወራት በኋላ፣ ያውም እንደ ዋዛ ነበር።

ከአሸናፊዎቹ ጠማቂዎች ሁለቱ የኋላ ታሪካቸው ለትምህርት የሚበቃ ነው። ሻቶ ሞንተሌናን የጠመቀው ማይክ ገርጊች በ1923 በክሮኤሺያ መንደር የተወለደ፣ ሙያውን በልጅነቱ ከቤተ ሰቡ እርሻ የጀመረ ስደተኛ ነው። የስታግስ ሊፕ ጌታ ዋረን ዊኒያርስኪ ደግሞ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ምሁር ሲሆን፣ መጽሐፉን ትቶ ወደ ወይን እርሻ የገባ ነው። ሁለቱም ሽማግሌ ሆነው፣ የመጀመሪያው በ2023፣ ሁለተኛው በ2024 ዐረፉ።

ስም መሸፈን ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በቡና ምርመራ ቀማሹ ከማንኪያው በኀይል እየሳበ የሚቀምሰው ናሙና የሚቀርብለት ባለቤቱ ሳይታወቅ በቁጥር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ምላስ በስም እንዳይደለል ነው። በአንጻሩ በጥንቱ ግብር ቤት ጠጅ አሳላፊው ከብርሌው በመዳፉ ጥቂት አፍስሶ አስቀድሞ ይቀምስ የነበረው ጣዕሙን ለመመዘን ሳይሆን የእንግዳውን እምነት ለማግኘት ነበር። አንዱ ቅምሻ ስለ ሰው ነው፤ ሌላው ሰውን ከነገሩ ለማውጣት ነው። የፓሪሱ ዓይነት ግን ከሁለቱም የከበደ ነው፤ በዚያ የሚመዘነው መጠጡ ብቻ ሳይሆን መዛኙም ጭምር ነውና።

መዛኙ ሲመዘን ምን ያህል ይጸናል? የኋለኞቹ ጥናቶች ትሕትናን የሚያስተምሩ ናቸው። በ2001 ፍሬዴሪክ ብሮሼና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ምርመራ የታወቀ ነው፤ 54 የቦርዶ የወይን ጠጅ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ማቅለሚያ የቀላ ነጭ ወይን ጠጅ ተሰጥቷቸው፣ ለቀይ በሚሰጡ ቃላት ገለጡት። ዐይን አፍንጫን አሳሳተው። በ2008 ደግሞ ሮበርት ሆጅሰን የተባለ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ ውድድር ላይ ለዳኞች አንዱን ወይን ጠጅ ሳይነግራቸው ሦስት ጊዜ አስቀምሶ፣ በፍርዳቸው ጸንተው የተገኙት ከአሥር አንድ ያህል ብቻ መሆናቸውን ጻፈ።

ስለዚህ የ1976ቱን ውጤት እንደ መጨረሻ ፍርድ መቁጠር አይገባም። በአንደኛውና በሁለተኛው ቀይ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ነጥብ ተኩል ብቻ ነበር፤ አንዱ ዳኛ ከፍ ያደረገውን ሌላው ዝቅ አድርጎታል። ካሊፎርኒያ ስድስት፣ ፈረንሳይ አራት ማቅረባቸውም ዕድሉን እኩል አያደርገውም። የሚጸናው ሌላ ነገር ነው፤ አገራቸውን እናውቃታለን የሚሉ ሰዎች ወረቀቱ ሲሸፈን ሊለዩዋት አልቻሉም። ከዚያ ቀን በኋላ ታላቅ ወይን ጠጅ ከፈረንሳይ አፈር ብቻ ይወጣል ማለት እምነት ነው እንጂ ዕውቀት ሊባል አልቻለም።

ፈረንሳውያኑ ያነሡት ዋነኛ መከራከሪያ የዕድሜ ጉዳይ ነበር፤ የቦርዶ ቀይ እያደር ይበስላል፤ የካሊፎርኒያው ግን ቶሎ ያረጃል አሉ። ክርክሩ መልክ ያለው ነው፤ ሊፈተን የሚችለው ደግሞ በጊዜ ብቻ ነበር። ልክ በሠላሳኛው ዓመት፣ በሜይ 24 ቀን 2006፣ እነዚያው ቀይ ወይን ጠጆች በለንደንና በናፓ በአንድ ቀን፣ እንደገና ስማቸው ተሸፍኖ ቀረቡ። አንደኛ የወጣው የ1971ዱ ሪጅ ሞንቴ ቤሎ ሆነ፤ በ1976 አምስተኛ የነበረው የካሊፎርኒያ ቀይ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያሉት አራት ስፍራዎችም በካሊፎርኒያዎች ተያዙ፤ ሙቶን ሮትሺልድ ስድስተኛ ሆነ። ስፐሪየር ይህንንም ለማየት በቅቶ በ2021 ሞተ። የ1973ቱ ሻቶ ሞንተሌናና ስታግስ ሊፕ ጠርሙሶች ዛሬ በዋሽንግተን በአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛሉ፤ በፓሪስ ተሸፍኖ የነበረው ስማቸው እንደ ተለጠፈባቸው።