የስዬ አብርሃ የዋስትና ጉዳይ

የስዬ አብርሃ የዋስትና ጉዳይ በ1993 ዓ.ም. የተጀመረና በኢትዮጵያ በሙስና የተጠረጠሩ ሰዎችን የዋስትና መብት ያስለወጠ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ሲቋቋም የሙስና ወንጀልን የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣን ተሰጠው። በዚያው ዓመት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ስዬ በሕወሓት ክፍፍል ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ተቃራኒ ወገን ስለነበሩ እስሩ ፖለቲካዊ ነው የሚል ክርክር አስነሣ።

የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ተጠርጣሪው በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ስዬ ግን ወዲያው በፖሊስ እንደገና ተያዙ። ፓርላማውም በአዋጅ ቁጥር 239/1993 በሙስና የተያዘ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ ከለከለ። ክልከላው በአዋጅ ቁጥር 434/1997 ላልቶ ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ለተጠረጠሩት ብቻ ሆነ።

ስዬ ከ6 ዓመት እስር በኋላ በ1999 ዓ.ም. ተፈቱ። ወደ ተቃዋሚ ፖለቲካ የገቡት ብርቱካን ደግሞ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ ቀጥሎም ከ2001 እስከ 2003 ዓ.ም. በቃሊቲ እስር ቤት ታሰሩ። እሳቸው በእስር ላይ ሳሉ ስዬ በ2002 ዓ.ም. የሚመሩትን የአንድነት ፓርቲ ተቀላቀሉ።

በሙስና የመክሰስ ሥልጣን በ2008 ዓ.ም. ከኮሚሽኑ ወጥቶ በአዋጅ ቁጥር 943/2008 ለተቋቋመው የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጠ። ብርቱካን በ2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ።