የሮም ጥሪ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር

የሮም ጥሪ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2020 በጳጳሳዊው የሕይወት አካዳሚ አነሳሽነት የወጣ የጋራ ሰነድ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች መካከል ማይክሮሶፍትና አይቢኤም ይገኙበታል። ግልጽነትን፣ አካታችነትን፣ ተጠያቂነትን፣ አለማዳላትን፣ አስተማማኝነትን እንዲሁም ደኅንነትንና የግል ምስጢር ጥበቃን ይጠይቃል። አስገዳጅ ሕግ ግን አይደለም፤ ትልቁ ድክመቱም ይኸው ነው።

ከጥሪው ጀርባ ያለው፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሰውን ክብር የማስቀደም ሐሳብ ሥሩ ሩቅ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተሰኘው መልእክታቸው ደመወዝ ሠራተኛውን በቅጡ ሊያኖር እንደሚገባ ተሟግተው፣ የመደራጀት መብቱንም ደግፈዋል። ሊዮ 14ኛ በ2025 ሲመረጡ ስማቸውን ከዚሁ መልእክት ጋር አያይዘው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሥራና በሰብአዊ ክብር ላይ የደቀነውን ፈተና አነሡ።

ከእሳቸው በፊት የነበሩት ፍራንቸስኮስም በ2024 በቡድን 7 ጉባኤ ላይ፣ የትኛውም ማሽን የሰውን ሕይወት ለማጥፋት መወሰን እንደሌለበት አሳስበዋል።