ራጅ ማንሳት በናይሮቢ፦ ከካምፕ ለሚመጣ ተማሪ

ናይሮቢ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ተለማማጅ ሳለሁ አንዲት እናት ለደረት ራጅ መጡ። ባልደረባዬ በስዋሂሊ «ቩታ ፑምዚ» ይላቸዋል፤ ትንፋሽ ይሳቡ ማለቱ ነው። እሳቸው ዝም ብለው ያዩታል። ነጠላቸውን አይቼ ጠጋ አልኩና «እማማ፣ ትንፋሽዎን ወደ ውስጥ ይሳቡና ያዝ ያድርጉት» አልኳቸው። ፈገግ አሉ፣ ያዙ፣ በአንዴ አለቀ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሰው መሃል ላይ ከተነፈሰ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ከደበዘዘ ይደገማል፣ ሲደገም ሕመምተኛው በከንቱ ሁለተኛ ጨረር ይወስዳል።

ካኩማና ዳዳብ ያላችሁ ልጆች «ይሄ ትምህርት ለስደተኛ ይሆናል ወይ?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ያለፍኩበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። ራዲዮግራፈር ማለት ማሽኑን የሚያዘጋጅ፣ ሕመምተኛውን የሚያስተካክልና ምስሉን የሚያነሳ ባለሙያ ነው። ራዲዮሎጂስት ግን ምስሉን አንብቦ ውጤት የሚጽፍ ስፔሻሊስት ሐኪም ነው፤ እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ሕክምና መማር ያስፈልጋል። እኔ የማወራው ስለ መጀመሪያው ነው። በነገራችን ላይ «ራጅ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ጨረሮች ማለት ነው። ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ሲሆን አድዋ የሆነው ከአራት ወር በኋላ ነው። ከዚያ ጦርነት ቆስለው የተመለሱ ሁለት ጣሊያናውያን ወታደሮች ኔፕልስ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል ክንዳቸው ውስጥ ያለው ጥይት በራጅ ተፈልጎላቸዋል። ለጦር ቁስለኛ ራጅ ሲነሳ ያ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። ክፍል ውስጥ ይህን ሲያስተምሩን ከሁሉ ቀድሞ አንገቱን ቀና ያደረገው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ወደ ትምህርት ቤቱ እንሂድ። የኬንያ ሕክምና ማሠልጠኛ ኮሌጅ በተለምዶ ኬኤምቲሲ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ያለ ሲሆን የናይሮቢ ግቢው ከኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል አጠገብ ነው፤ ከመሃል ከተማ በማታቱ ቅርብ ነው። እዚያ የሕክምና ምስል ትምህርት በዲፕሎማ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ዲግሪ የሚፈልግ በጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የራዲዮግራፊ ዲግሪ ያገኛል፤ ግቢው ጁጃ ነው፣ በቲካ መንገድ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና (ኬሲኤስኢ) በጥቅሉ ለዲፕሎማ አማካይ ሲ፣ ለዲግሪ ሲ ፕላስ ይጠየቃል፤ ባዮሎጂ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ ላይ አትዘናጉ። ካምፕ ውስጥ ኬሲኤስኢ የወሰደ ልጅ ቀጥታ ያመለክታል። ከኢትዮጵያ ውጤቱን ይዞ የመጣ ግን ማስረጃውን ከኬንያ ደረጃ ጋር ማስመዘን አለበት።

እኔን ያስለቀሰኝ ፊዚክሱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ከአገሬ ባመጣሁት ሰርተፊኬት ላይ የአባቴ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ «ኤስ» ተጽፏል፣ በስደተኛ መታወቂያዬ ላይ በሁለት። እኛ ዘንድ ስም በፊደላችን አንድ ነው፤ ላቲን ላይ እንዴት እንደሚሆን የጻፈው ጸሐፊ ያውቃል። አንድ ኮሌጅ «ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን በምን እናምናለን?» ብሎ መለሰኝ፤ በዚያ ምክንያት ግማሽ ዓመት ቀረሁ። መፍትሔው ግን ቀላል ነበር። ቶም ምቦያ ጎዳና ላይ ካሉት ፎቆች በአንዱ የጠበቃ ቢሮ ገብቼ ሁለቱም ስሞች የእኔ ስለመሆናቸው የመሐላ ቃል አስጻፍኩ፤ አፊዴቪት ይሉታል፣ እኛ አገር ውልና ማስረጃ ሄደን እንደምናሠራው ዓይነት። ስለዚህ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ወረቀቶቻችሁን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ሲገለበጥ ሰባት ስምንት ዓመት የሚሳሳት አለ። ካምፕ ያላችሁ ደግሞ ያለ መንቀሳቀሻ ፈቃድ ናይሮቢ አትምጡ፤ ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ክፍያው ከባድ ነው። የዩኤንኤችሲአር የዳፊ ስኮላርሺፕ፣ ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የሚሰጠው፣ የትምህርት ክፍያና የኑሮ ወጪ ይሸፍናል። ዕድሜ ያያል። ለማመልከት ምንም አይከፈልም፤ «በኤምፔሳ ይሄን ያህል ላክልኝና አስገባሃለሁ» የሚላችሁ ሰው ሌባ ነው።

ብዙ ጊዜ እናቶች «ጨረሩ ልጄን መካን አያደርግብኝም?» ይሉኛል። ስጋታቸው ይገባኛል። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ለሠራተኛ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ ግን በዓመት በአማካይ 20 ነው፣ እሱም በደረት በሚለጠፍ መለኪያ ይመዘገባል። ዋናው ጥበቃ ጊዜ፣ ርቀትና መከለያ ነው። ከምንጩ ያላችሁን ርቀት እጥፍ ስታደርጉ የሚደርስባችሁ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ለዚያ ነው ተንቀሳቃሽ ማሽን ይዘን አልጋ ክፍል ስንገባ ወደ ኋላ የምናፈገፍገው። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ጨረር የላቸውም።

ከምረቃ በኋላ ያለውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በጨረር የሚሠራን ሰው የሚቆጣጠረው በ2019 ሕግ የተቋቋመው የኬንያ ኒውክሌር ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው፤ ያለ ፈቃድ ማሽን አይነካም። ስደተኛ ደግሞ ከዚያ ሌላ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ «ክላስ ኤም» ይባላል፣ ክፍያ የለበትም፣ ግን የቀጣሪ ደብዳቤ ይፈልጋል። ቀጣሪው ፈቃድ አምጣ ይላል፣ ፈቃዱ ቀጣሪ አምጣ ይላል። እኔ በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ኒያዮ ሃውስ ደጅ ጠንቻለሁ። ወደ ካምፕ የሚመለስ ሰው በ«ኢንሴንቲቭ» ሊቀጠር ይችላል፤ ሥራው ያው ሆኖ ክፍያው ከኬንያዊው ባልደረባው በጣም ያንሳል። ይህ ያናድደኛል፣ አሁንም ያናድደኛል። በዚያ ላይ በ2021 የወጣው የስደተኞች ሕግ የመሥራት መብትን ስለሚያነሳ፣ ፈቃድ ስትጠይቁ የሕጉን ቅጂ ከማመልከቻችሁ ጋር ያዙ። ልምምድ ላይ ሳላችሁም ያሠራችሁን ኃላፊ ስለ ደብዳቤው ቀድማችሁ አነጋግሩት፤ እኔን የቀጠረኝ ክሊኒክ የተገኘው በዚያ መንገድ ነው።