ታይተው ያልተቆጠሩ፦ የወሎ ሕፃናት ሞትና የሥርዓቶች ንጽጽር

በአገራችን የፖለቲካ ክርክር ውስጥ ሥርዓትን ከሥርዓት ማወዳደር የቆየ ልማድ ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሚያወድሰው፣ የደርግን ዘመን የሚናፍቀው፣ በኢሕአዴግ ዘመን የታየውን ለውጥ የሚዘረዝረው፣ ሁሉም በየፊናው ማስረጃ ያለውን ይደረድራል። ከሚደረደሩት ማስረጃዎች ሁሉ ክብደት ያለው ግን አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚቀጠፉ ሕፃናት ቁጥር ነው። አደባባይና ሐውልት ለታይታ ሊሠራ ይችላል፤ ሕፃን ግን ለታይታ በሕይወት አይቆይም። ስለዚህ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት ስንቱ የመጀመሪያ ልደታቸውን ሳያዩ ያልፋሉ የሚለው ጥያቄ የማንኛውም መንግሥት እውነተኛ ሚዛን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ይህን ሚዛን ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ፣ ባጠቃላይም ወደ ወሎ ስናመጣው አንድ ከባድ እንከን ይታይበታል። ወሎ ልጆቿን በብዛት በቀበረችባቸው ዓመታት ሚዛኑን የያዘ ሰው አልነበረም። ነገሩን ከአኀዞቹ እንጀምር፤ ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በ1976 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የሕፃናትን ሞት ከ1,000 ልደት 110 አድርጎ አሰላው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው ሁለተኛው ቆጠራ ደግሞ 116 አለ። ላይ ላዩን የሚያነብ ሰው ደርግ በነበረበት ጊዜ ይሻል ነበር፣ እርሱ ሲወድቅ ነገሩ ከፋ ብሎ ሊደመድም ይችላል። እንዲህ ዓይነት ድምዳሜ ግን በሁለት ምክንያት አያስኬድም።

አንደኛው ምክንያት የስሌቱ ስልት ነው። ቆጠራ የሕፃናትን ሞት የሚገምተው እናቶችን ስንት ወለዳችሁ፣ ስንቱስ በሕይወት አሉ ብሎ በመጠየቅ ነው። መልሱ የሚናገረው ከቆጠራው በፊት ስላለፉት ዓመታት ነው። ስለሆነም በ1987 የተገኘው 116 ከአዲሱ መንግሥት ይልቅ ስለ ደርግ የመጨረሻ ዓመታት ይመሰክራል፤ የ1976ቱ 110 ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ስላለፈው ጊዜ።

ሁለተኛው ምክንያት ቀኑ ነው። የመጀመሪያው ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት ወር 1976 ነበር። በመስከረም 1977 አዲስ አበባ ለ10ኛው የአብዮት በዓል አሸብርቃ ሳለ ሕዝቡ ከየቀዬው እየተነቀለ ወደ ዋና ዋና መንገዶች ይጎርፍ ነበር። በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተነሣው ፊልም በጥቅምት 1977 ዓለምን አስደነገጠ። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ባቲም መጠለያው በሰው ተጥለቀለቀ። በመጠለያዎቹ ውስጥ ረሃብ ያደከማቸውን ሕፃናት ኩፍኝና ተቅማጥ ጨረሷቸው። ቆጣሪዎቹ ግን መዝገባቸውን ዘግተው ከሄዱ ወራት አልፈው ነበር። ስለዚህ 110 የሚለው አኀዝ የ1977ን ሞት አያውቀውም። በረሃቡ ያለቀው ሕዝብ ብዛት ዛሬም ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን በሚደርስ ግምት ይነገራል። ከዚህ ውስጥ ገና ያላረገዙ እናቶች ስንት ነበሩ፣ ያረገዙትስ፣ የታቀፉትስ ስንት ነበሩ? የሚመልስ መዝገብ የለም።

የንጉሠ ነገሥቱም ዘመን ቢሆን ከዚህ የተሻለ መዝገብ አልተወልንም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ረሃብ ባደረጉት ጥናት የመዘገቡት የ1958 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። የረሃቡ ወሬ በቢሮክራሲው ውስጥ ተንከባሎ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ 302 ቀናት ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ነገር እንዲደረግ ሲያዙም የአገር ግዛት ሚኒስቴር ያደረገው ነገር ቢኖር የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲላክለት መጠየቅ ነበር። እህል ሲጠበቅ የስም ዝርዝር ተጠየቀ! ያም ዝርዝር ቢሆን ሕፃናቱን ሊይዛቸው አይችልም ነበር። በክርስቲያኑ ወግ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ ከዚያ በፊት ያለፈ ሕፃን በስም ዝርዝር ላይ በምን ስም ይጻፋል?

ከ7 ዓመት በኋላ የመጣው የ1965-66 ረሃብ በጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም ታየ። ያው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። የወሎ ልጅ የከሳ ፊት አንድን ዘውድ ለመጣል አገለገለ። የሞቱትን ለመቁጠር ግን ማንም አልተነሣም፤ የዚያ ረሃብ ሟቾች ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ የሚዘልቀው ለዚህ ነው። በሁለቱ ግምቶች መካከል 160 ሺህ ነፍስ አለ። እነዚህ ሕፃናት ታይተዋል፤ አልተቆጠሩም።

መንግሥት ያልያዘውን መዝገብ ሕዝቡ በራሱ መንገድ ይዞታል። ምትኩ፣ ካሳ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ የሚሉትን ስሞች ልብ ይሏል። ብዙውን ጊዜ ከእያንዳንዱ ምትኩ በፊት የተቀበረ አንድ ሕፃን አለ፤ ከእያንዳንዷ ማስረሻ በፊት እናት ልትረሳው የምትሻው አንድ ኀዘን አለ። የቀደመው ትውልድ የስታቲስቲክስ መዝገብ ይኸው ነበር።

ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ግን የተሻለ ማስረጃ አለን። በዚያ ዓመት የተጀመረው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እናቶችን ስለ እያንዳንዱ ልጃቸው ልደትና ሞት ይጠይቃል። በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992 ከ1,000 ልደት 97፣ በ1997 77፣ በ2003 59፣ በ2008 48 ሆነው ተገኙ። ለአማራ ክልል በየጥናቱ የተሰጠው አኀዝ 112፣ 94፣ 76 እና 67 ነው። የክልሎች አኀዝ ከጥናቱ በፊት ያሉትን 10 ዓመታት፣ የአገሪቱ ግን 5 ዓመታት ብቻ ስለሚሸፍን 48ን ከ67 ጋር በቀጥታ ማነጻጸር አይገባም። ክልሉን ከራሱ ጋር ማነጻጸር ግን ይቻላል፤ በዚህም መሠረት ሞቱ በ40 በመቶ ቀንሷል።

ይህ መቀነስ እውነተኛ ነው፤ መካድም አይገባም። በየቀበሌው የተመደቡት ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከ1999 ጀምሮ የመጣው አምስት በሽታዎችን የሚከላከል ጥምር ክትባት፣ በ2004 የተጨመረው የሳንባ ምች ክትባት፣ በ2006 የተጨመረው የሮታ ክትባት ሁሉም ድርሻ አላቸው። የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም ራሱ ግን በደርግ ጊዜ፣ በ1972 ዓ.ም. የተጀመረ ነው። አንዱ የዘራውን ሌላው ያጭዳል፤ ያጨደው ግን ብቻዬን ዘራሁ ማለቱ አይቀርም። በመስከረም 2006 ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ከ204 ወደ 68 ወርዶ የምእተ ዓመቱ ግብ ከተወሰነለት ጊዜ ቀድሞ መሳካቱ ሲበሠር የመነሻ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1990 ነበር፤ ማለትም አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት የነደደችበት ጊዜ። የንጽጽር ውጤት ከመነሻው ምርጫ ጋር የተቆራኘ መሆኑን አንባቢ አይዘንጋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ2008ቱ ጥናት ከ48ቱ ሟቾች 29ኙ በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሞቱ ጨቅላዎች ናቸው። በ1992 የጨቅላዎቹ ድርሻ ግማሽ ያህል ነበር፤ በ2008 ከ10ሩ 6 ሆነ። በአማራ ክልል ደግሞ ከ67ቱ 47ቱ፣ ከ10ሩ 7 መሆኑ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኩፍኝንና ተቅማጥን በክትባትና በጤና ኬላ መከላከል ይቻላል፤ ያለ ጊዜው የተወለደውን፣ በምጥ የታፈነውን፣ ደሙ የተመረዘውን ጨቅላ ግን የሚያድኑት ሆስፒታል፣ ኦክስጅን፣ ማሞቂያ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍልና ሳይቋረጥ የሚሠራ አምቡላንስ ናቸው። ቀላሉ ሞት ተቀንሷል፤ የቀረው ያለ ሆስፒታልና ያለ ሰላም የማይቀነሰው ነው።

በዚህ ላይ ነው የ2014ቱ ጦርነት የመጣው። ደሴና ኮምቦልቻ በመጀመሪያ ከራያና ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለውን ሕዝብ በየትምህርት ቤቱ አስጠለሉ፤ ከዚያም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ድረስ በትግራይ ኃይሎች እጅ ሥር ቆዩ። ከአጎራባች አፋር ጭምር ሕሙማንን የሚቀበለው የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። በኅዳር 29 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኮምቦልቻ ውስጥ የእርዳታ መጋዘኖች መዘረፋቸውን፣ ከተዘረፈውም መካከል በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀ አልሚ ምግብ እንደሚገኝበት ገለጸ፤ ድርጊቱንም የፈጸሙት የትግራይ ኃይሎች አባላትና አንዳንድ የአካባቢው ነዋሪዎች መሆናቸው እንደተነገረው አስታወቀ። ከተሞቹ ቁስላቸው ሳይሽር ከ2015 ሐምሌ ወዲህ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀረው በሌሊት ምጥ የጠናባት እናት ጉዞ ነው።

እነዚያ ሳምንታት በወደፊቱ ጥናት ውስጥ እንዴት ይታያሉ? ለክልል የሚወጣው አኀዝ የ10 ዓመት አማካይ ስለሆነ የ5 ሳምንት እልቂት በውስጡ ሟሙቶ ይቀራል። ጠያቂዎቹ የሚያነጋግሩት በሕይወት ያለችን እናት ብቻ ነው፤ ከልጇ ጋር የሞተችው አትጠየቅም። ቁጥሩ ሲወርድ እናያለን፤ የሚያስተዳድረን ወገንም ያንን ቁጥር አንሥቶ ዘመኑን ያወድስበታል። በ1976 የሆነው ይኸው ነበር።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ልደትና ሞት በየስፍራው እንዲመዘገብ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ሕግ ማሸጋገሪያ አንቀጽ የምዝገባው ድንጋጌ ሥራ ላይ ሳይውል እንዲቆይ ተደረገ። አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ወጣ፤ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። 56 ዓመት ማለት ነው! ዛሬም ቢሆን ቤተሰብ ወደ ቀበሌ የሚሄደው በአብዛኛው የልደት ምስክር ወረቀት ሲያስፈልገው ነው፤ በ5ኛ ቀኑ ያረፈን ጨቅላ ለማስመዝገብ የሚሄድ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀውም የለም።

ስለዚህ ሥርዓት ከሥርዓት የሚያወዳድሩ ሁሉ፣ የትኛውንም ወገን ቢደግፉ፣ አንድ ጥያቄ በጋራ ቢያነሡ መልካም ነው፤ በደቡብ ወሎ በ2014 የተወለዱትና የሞቱት ሕፃናት፣ እናቶቻቸውና የጤና ሠራተኞቹ በሕይወት እያሉ፣ ቀበሌ በቀበሌ ተጠይቆ ይመዝገቡ። ወጪው ከአንድ በዓል ድግስ አይበልጥም። ይህ ሳይሆን ከቀረ የነዚያን ወራት ታሪክ የሚነግሩን ከ20 ዓመት በኋላ ምትኩና ማስረሻ ተብለው የሚጠሩት ወጣቶች ይሆናሉ።

ቸር ይግጠመን።